በአምስት ወሬ የያዘኝ ትኩሳት ነው ልጄን እንዲህ ያደረገው?

እናት_ከአዳማ

ሰላም ለዚህ ቤት። ሁልጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ጊዜ ነው።

ልጄ ሦስት ዓመት ከአራት ወሩ ነው። ባለፈው ወር ኦቲዝም ነው ተባልን። ስሙን ስጠራው አይዞርም። የመጫወቻ መኪናውን ገልብጦ ጎማዋን ሲያሽከረክር ይውላል። የሚላቸው ቃላት ሁለት ናቸው፤ «ውሃ» እና «በቃ»።

እሱን ያረገዝኩ ጊዜ አምስተኛ ወሬ ላይ ክፉኛ አተኮሰኝ። ምች ነው ተባለ። አማቴ ዳማከሴ አሽተው፣ ጨምቀው አጠጡኝ፤ ጋቢ ተከናንቤ ተኛሁ። ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ። በአራተኛው ቀን ከአልጋ መነሳት ሲያቅተኝ ባለቤቴ ባጃጅ ጠርቶ ወሰደኝ። ደሜ ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኘ። ኪኒን ተሰጠኝ፤ ዳንኩ። ልጄም በወሩ ተወለደ፤ 3.1 ኪሎ።

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ አየሁ። ሰውዬው በእርግዝናዋ ኢንፌክሽን የያዛት እናት የልጇን አንጎል ታበላሻለች ይላል። ከዚያ ወዲህ ሐሳቤ እነዚያ ሦስት ቀናት ላይ ተቸክሏል። ትናንት ደግሞ አማቴ ለጎረቤት «ሆዷ ውስጥ ሳለ ስለታመመች እኮ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ባለቤቴ ምንም አይልም። ዝምታው ነው ይበልጥ የሚያመኝ።

ጥያቄዬ አጭር ነው። እኔ ነኝ ወይ?

አዋላጅ_ነኝ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ይህ ሥራዬ 11 ዓመት ሆነው። ይህንን ጥያቄ የሚጠይቁኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ደፍረው የማይጠይቁት ይበዛሉ፤ ዓይናቸው ላይ ነው የማነበው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። «ኢንፌክሽን» ሲባል ሁሉም አንድ ጆንያ ውስጥ ይከተታል። ግን መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው ጀርሙ ራሱ የእንግዴ ልጁን አልፎ ጽንሱ ጋ ሲደርስ፣ አንጎሉ ውስጥም ሲገባ ነው። ሩቤላ፣ ሲኤምቪ የሚባለው ቫይረስ፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተውሳክ፣ ቂጥኝ፣ የዚካ ቫይረስ እንዲህ ናቸው። እነዚህ ብዙ ጊዜ አሻራቸውን ትተው ነው የሚያልፉት። የልጁ ጭንቅላት ያንሳል፣ ዓይኑ ላይ ሞራ ይወጣል፣ ጆሮው አይሰማም፣ ወይ የሚጥል በሽታ ይከተላል። ሁለተኛው ጀርሙ ልጁ ጋ ሳይደርስ የእናትየው ሰውነት በሚያደርገው ውጊያ የሚመጣ ነው። ስለ እሱ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ እዚህ አይጠፋም።

ወባ የት ይመደባል ትዪኝ ይሆናል። ወባ የራሱ ጠባይ አለው። በተለይ ፋልሲፓረም የሚባለው የእንግዴ ልጁ ውስጥ ይሸሸጋል። ለልጁ ምግብና አየር የሚያደርሰውን ቦታ ያጣብባል። ስለዚህ ልጁ ኪሎው ያንሳል ወይ ያለ ወሩ ይወለዳል፤ እናትየውም ደም ያንሳታል። አንጎል ላይ የሚያሰጋው በአብዛኛው በዚህ በኩል ነው። ያንቺ ልጅ በወሩ ተወልዷል፤ 3.1 ኪሎ ደግሞ ጥሩ ኪሎ ነው። የእንግዴ ልጅሽ ሥራውን ሠርቷል።

ሦስቱን ቀን በተመለከተ አልዋሽሽም። ያተኮሳት እርጉዝ በዚያው ቀን ደሟ መታየት አለበት፤ አዳማ ደግሞ ወባ ያለበት አገር ነው። ግን መዘግየቱ ከማንም በላይ ያሰጋው አንቺን ነበር። ከዚያ ተነስቶ «ኦቲዝሙም ከዚያ ነው» ማለት ሌላ ዝላይ ነው።

ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። ሲወለድ የጭንቅላቱ ዙሪያ ካርዱ ላይ ተጽፏል? ጆሮውስ ተመርምሯል?

ዝም_አልልም

ይቅርታ ግን እውነቱ ይነገር። እናቶቻችን ክትትል አይሄዱም፤ ምች ነው እያሉ ቅጠል ይጠጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ለቅሶ። ኃላፊነት የሚባል ነገር አለ።

አያት_ነኝ

አንተ ልጅ፣ ወልደህ ታውቃለህ? ምች እኮ በእኛ ቤት የትኩሳት ሁሉ ስም ነው። ሐኪም ቤት ባልነበረበት ዘመን የተሰጠ ስም ነው እንጂ የሷ ጥፋት አይደለም። ዳማከሴውንም ያሹት አማቷ ናቸው። ጥፋት ይቆጠር ከተባለ ለምን እሷ ላይ ብቻ?

እኔ አራተኛ ልጄን ሳረግዝ ታይፈስ ይዞኝ ሁለት ሳምንት ተኝቻለሁ። ዛሬ ኢንጂነር ነው። ሦስተኛውን ሳረግዝ ጉንፋን እንኳ አልነካኝም፤ እሱ ነው እስከ አምስት ዓመቱ አፉን ያልፈታው። እንግዲህ ፍረዱ።

አዋላጅ_ነኝ

እማማ፣ አንጀቴን አራሱት። ግን ለእውነቱ ስንል፣ የእርስዎም የአራት ልጅ ታሪክ ማስረጃ አይሆንም። አይቆጡኝ።

አያት_ነኝ

አልቆጣም። ማስረጃ ብዬም አላልኩ። ልጅቷ ትተኛ ብዬ ነው።

አወያይ

ሁለት ምላሾች አጥፍቻለሁ፤ አንዱ «ክትባት ነው» የሚል፣ አንዱ ስድብ ያለበት። እናት የምትጠይቅበት ቤት ነው፤ በጨዋ ደንብ።

ስቶክሆልም_ብርድ

ሰላም። እኔ ሐኪም አይደለሁም። እዚህ ስዊድን የጤና መዝገብ ላይ ያሉ ቁጥሮችን የምቆጥር ሰው ነኝ። ሲስተር «ሁለተኛው መንገድ» ያለችውን ልሞክረው። ይረዝማል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

ነገሩ የተጀመረው ከዓይን ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1941 ሲድኒ ውስጥ ኖርማን ግሬግ የሚባል ሐኪም ዓይናቸው ላይ ሞራ ይዘው የሚወለዱ ሕፃናት በዙበት። ወትሮ ብርቅ የሆነ ነገር በአንድ ሰሞን ይደጋገማል። እናቶቹ ሲጠየቁ፣ ከ78ቱ ሕፃናት የ68ቱ እናቶች በእርግዝናቸው ሩቤላ፣ ማለት የጀርመን ኩፍኝ፣ ይዟቸው ነበር። ሩቤላ ለትልቅ ሰው ቀላል ነው፤ ሽፍታ፣ ትንሽ ትኩሳት፣ በቃ። ስለዚህ ብዙ ሐኪም ወዲያው አላመነውም።

ከዚያ በ1964 እና 65 አሜሪካ ውስጥ ሩቤላ ተነሳ። ወደ 20 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ጉዳት ይዘው ተወለዱ። ስቴላ ቼስ የምትባል የኒውዮርክ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም 243ቱን ተከታትላ 18ቱ ላይ ሙሉ ወይም ከፊል የኦቲዝም ምልክት አገኘች። በዚያ ዘመን ኦቲዝም እጅግ ብርቅ ነው ተብሎ ነበር የሚታሰበው። ስለዚህ «ምንም ግንኙነት የለም» የሚል ካለ ተሳስቷል። ግንኙነት አለ። ጥያቄው ከየትኛው ጀርም ጋር የሚለው ነው።

አሁን ወደ አይጦቹ። ካሊፎርኒያ፣ ካልቴክ በሚባለው ተቋም፣ የፖል ፓተርሰን ላብራቶሪ ውስጥ እርጉዝ አይጥ ቫይረስ የሚመስል ሰው ሠራሽ ነገር ተወጋች። ልብ በሉ፣ ቫይረስ የለም። ሰውነቷ ግን ተታልሎ ጦርነት ከፈተ። ልጆቿ ሲያድጉ ከሌሎች አይጦች ጋር መቀራረብ አልወደዱም። ሳጥናቸው ውስጥ ብይ ሲደረደርላቸው ከሌሎቹ በላይ እየደጋገሙ ይቀብሩታል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ኢንተርሉኪን 6 የሚባለውን የሰውነት መልእክተኛ ብቻውን ሲወጓት ተመሳሳይ ነገር መጣ። እሱን ሲያግዱት ልጆቿ ደህና ሆኑ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ነው እኔ የምወደው። በ2016 ግሎሪያ ቾይ እና ጁን ሁ የሚባሉ ተመራማሪዎች ኢንተርሉኪን 17ኤ የሚባል ሌላ መልእክተኛ አገኙ። ሙከራው ግን ከአንዱ አቅራቢ በተገዙ አይጦች ላይ ይሠራል፤ ከሌላው በተገዙት ላይ አይሠራም። ለምን? እናቲቱ አንጀት ውስጥ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ካለ ይሠራል፤ ከሌለ አይሠራም። አስቡት። አንድ ዘር አይጥ፣ አንድ ዓይነት መርፌ፣ ግን በአንጀት ባክቴሪያ ምክንያት የተለያየ ውጤት። ሳጥን ውስጥ ያደገች አይጥ ላይ እንዲህ ከተለያየ፣ አዳማ ያለች ሴት ላይ በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ መፍረድ ምን ይባላል?

ምሳ ሰዓቴ አለቀ። የሰዎቹን ጥናት ማታ እመለስበታለሁ።

ክትፎ_ወዳድ

እኔ በዚህ ሁሉ ጨዋታ «ቶክሶፕላዝማ» የምትለዋ ላይ ነው የቆምኩት። ባለቤቴ አራተኛ ወሯ ነው። ሥጋ ያማራት ጊዜ ደግሞ የሚያቆማት የለም። ጥሬ ክትፎ ይከለከላል የሚሉት ለዚህ ነው?

አዋላጅ_ነኝ

ለዚህ ነው፤ ለኮሶውም ጭምር። ቶክሶፕላዝማ በሁለት በር ይመጣል። አንዱ ጥሬ ሥጋ ነው። ሌላው ድመት ናት፤ ከዓይነ ምድሯ ጋር ይወጣና አፈር ላይ፣ ሰላጣ ላይ ይቀራል። ድመት ካላችሁ ቆሻሻዋን አንተ ጥረግ፤ በየቀኑም ጥረግ፤ የሚተላለፍ ዓይነት ለመሆን ከአንድ እስከ አምስት ቀን ይፈጅበታል። ሰላጣና ቆስጣው በደንብ ይታጠብ።

እኛ አገር ብዙ ሴት ከማርገዟ በፊት ይዟት አልፏል፤ እሷ ላይ ስጋቱ እጅግ ያንሳል። የሚያሰጋው ለመጀመሪያ ጊዜ በእርግዝና ላይ ሲይዝ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከያዘ ወደ ልጁ የመተላለፍ ዕድሉ አነስተኛ ነው፤ ከተላለፈ ግን አንጎሉንና ዓይኑን ክፉኛ ይጎዳል። መጨረሻ ላይ ከያዘ በቀላሉ ይተላለፋል፤ ጉዳቱ ግን ይቀላል።

ክትፎ_ወዳድ

ለብለብስ?

አዋላጅ_ነኝ

ለብለብም አይሆንም። ውስጡ ቀይ ከሆነ ያው ጥሬ ነው። አብስላችሁ ብሉ፤ አንተም ለአጋርነት አብረህ ብላ።

ክትፎ_ወዳድ

ይህቺኛዋን አላነበብኳትም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

እኔ ደግሞ ከሌላኛው ወገን ነኝ። ኢንፌክሽኑ በእርግጥ ከነካው ቤት።

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚህ ሜሪላንድ እንደተወለደች ጆሮዋ ሲመረመር ግራው አላለፈም። «ውሃ ይሆናል፤ ይደገማል» ተባልን። ሲደገም ቀኙ ደህና ነው ተብለን ደስ ብሎን ወጣን። በ14 ወሯ ግን ድስት ከእጄ ወድቆ ሲንኳኳ ዘወር አላለችም። ቆሜ አየኋት፤ ሶፋው ላይ የጨርቅ ጫፍ ትቆጥራለች። ያቺን ቀን አልረሳም።

ሲኤምቪ ነው ተባለ። ስሙን ሰምቼ አላውቅም ነበር። እዚህ አገር ከ200 ሕፃናት አንዱ ይዞት ይወለዳል፤ ከእነዚያ ከአምስቱ አንዱ ጋ ዘላቂ ችግር ይኖራል። በዋናነት የመስማት፤ አንዳንዱ ጋ የአእምሮ እድገትና የእንቅስቃሴ። ከየት መጣ ስል ሐኪሟ «ትልቁ ልጅሽ ዕድሜው ስንት ነበር?» አለችኝ። ሁለት ዓመቱ ነበር፤ መዋያ ይሄዳል። ሲኤምቪ በሕፃን ምራቅና ሽንት ነው የሚተላለፈው። እኔ ደግሞ እንደ ማንኛችንም የልጄን ትራፊ እበላለሁ፣ ከነምራቁ እስመዋለሁ፣ የወደቀችውን የሚጠባትን ጡጦ በአፌ አጽድቼ እመልስለታለሁ። ለእኔ የሁለት ቀን ድካም ነበር። ትኩሳት እንኳ አልነበረኝም።

እህቴ አዳማ፣ ይህንን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም። ሁለት ነገር ልልሽ ነው። አንደኛ፣ ያን ያህል ያተኮሰሽ አንቺ ነሽ፤ የእኔ ግን ሲያልፍም አልታወቀኝም። ልጅን የሚነካው ኢንፌክሽን እናትን ባንቀጠቀጠው መጠን አይደለም። ሁለተኛ፣ ሲስተር የጠየቀችሽን የጆሮ ምርመራ አትለፊው። ስሙ ተጠርቶ የማይዞር ልጅ መጀመሪያ መስማቱ ይረጋገጥ። የእኔን ልጅ አንድ ሰው ኦቲዝም ነው ብሎን ነበር፤ አልነበረም። አሁን የጆሮ መሣሪያ ተተክሎላት ከወንድሟ ጋር ስትጣላ ቤቱ ይናወጣል።

እናት_ከአዳማ

ጆሮው አልተመረመረም። ማንም አልነገረንም። የጭንቅላቱ ዙሪያ ካርዱ ላይ አለ፤ 35 ሴንቲ ይላል።

አዋላጅ_ነኝ

35 ለወንድ ልጅ ደህና ልክ ነው። የሚያሳስብ አይደለም። ጆሮውን አስመርምሪ፤ ዛሬ ነገ አትበዪ። ሲኤምቪ እኛ አገር አብዛኛው ሴት ከልጅነቷ ይዟት ስላለፈ ስጋቱ እንደ አሜሪካው አይደለም። ግን ጆሮ በብዙ ምክንያት ይደክማል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በሥራዬ በዓይኔ ስለማየው። ሰው ሁሉ ስለ ቫይረስ ያወራል። እኔን የሚያስፈራኝ ግን የሽርት ውሃዋ ፈሶ «ምጡ እስኪመጣ ቤቴ ልቀመጥ» የምትለው እናት ናት። በር ከተከፈተ ባክቴሪያ ይገባል፤ ማህፀኑ ውስጥ ያለው ሽፋን ይቆጣል፤ የልጁ አንጎል ሊጎዳ ይችላል። በእንቅስቃሴ ችግር የሚያድጉ ልጆች ላይ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ቂጥኝም አለ። ጠብታ ደም፣ ጥቂት ደቂቃ፣ ከዚያ የፔኒሲሊን መርፌ። ባልየው አብሮ ካልታከመ ግን መልሶ ያስይዛታል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ሳያቃጥል ተደብቆ ይቆያል፤ ወደ ኩላሊት ወጥቶ ልጁን ያለ ወሩ ያስመጣዋል። ክትትል ላይ «ሽንት አምጪ» ስንላችሁ አትሰልቹን።

ስቶክሆልም_ብርድ

ተመለስኩ። ቃል በገባሁት መሠረት ሰዎቹ።

ስዊድን ውስጥ ማንም ሰው የመለያ ቁጥር አለው። እናት ሆስፒታል የተኛችበት፣ የወለደችበት፣ ልጇ ኋላ የተመረመረበት ሁሉ በዚያ ቁጥር ይያያዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት 1.8 ሚሊዮን ልጆችን አየ። በእርግዝና ሳለች በኢንፌክሽን ሆስፒታል የተኛች እናት ልጅ የኦቲዝም ዕድሉ በ79 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ቪዲዮ ሠሪዎች የሚወዷት ቁጥር ይህች ናት። ግን ምን ማለት ነው? ከ100 ልጅ አንዱ ላይ ይገኛል ብንል፣ ወደ ሁለቱ ይጠጋል ማለት ነው። 98ቱ ላይ የለም። ሌላም ግር የሚል ነገር አለ። ደሟ ተመርዞ ሞት አፋፍ የደረሰችውም፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የያዛትም ቁጥራቸው ተቀራረበ። ጥፋተኛው የኢንፌክሽኑ ኃይል ቢሆን ከባዱ መብለጥ አልነበረበትም?

በ2022 ሌላ ወጣ፤ ወደ 550 ሺህ ልጆች። እነዚህኞቹ ሁለት ብልሃት ተጠቀሙ። መጀመሪያ እናትየው ከማርገዟ በፊት በነበረው አንድ ዓመት የያዛትን ኢንፌክሽን ቆጠሩ። ልጁ ገና ያልተፀነሰበት ዓመት። ከኦቲዝም ጋር ያለው ግንኙነት በእርግዝና ወቅት ከታየው ጋር ተቀራራቢ ሆነ! ቀጥለው ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆችን እርስ በርስ አወዳደሩ፤ አንዱን አርግዛ ታማለች፣ ሌላውን አርግዛ ደህና ነበረች። ልዩነቱ ጠፋ።

ስለዚህ ኢንፌክሽኑና ኦቲዝሙ አብረው የሚታዩት ከአንድ ሥር ስለሚነሱ ይመስላል። ዘር ሊሆን ይችላል፣ የቤተሰቡ ሰውነት በሽታን የሚመክትበት መንገድ ሊሆን ይችላል፣ ኑሮም ሊሆን ይችላል። ኦቲዝም ወደ 80 በመቶው ከዘር ጋር የተያያዘ መሆኑን ትልልቅ ጥናቶች አሳይተዋል።

አንድ ነገር ግን አልሸሽግም። የአእምሮ እድገት ዝግመት ላይ እንዲህ በቀላሉ አልተቋጨም። ከእርግዝና በፊት የያዘ ኢንፌክሽን ከእሱ ጋር አልተያያዘም፤ ስለዚህ አንዳንዱ ኢንፌክሽን የራሱ ድርሻ ሊኖረው ይችላል። ሲስተርና የሲልቨር ስፕሪንጓ እህታችን ያሉትም ይኸው ነው።

እናት_ከአዳማ

«ከማርገዟ በፊት» የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለባለቤቴም ጮክ ብዬ አነበብኩለት።

ሲልቨር_ስፕሪንግ

ስቶክሆልም፣ እግረ መንገድህን ይህንንም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 እዚህ ከዋይት ሐውስ ታይለኖል የሚባለው የትኩሳት ማብረጃ ኦቲዝም ያመጣል ከተባለ ወዲህ፣ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው እርጉዞች ትኩሳት ይዟቸው «ኪኒን አልነካም» እያሉ ነው።

ስቶክሆልም_ብርድ

እዚያም ያው የወንድማማች ብልሃት ነው። በ2024 የወጣ የስዊድን ጥናት 2.48 ሚሊዮን ልጆችን አየ። በጅምላ ሲታይ ትንሽ ልዩነት ነበረ፤ ከአንድ እናት የተወለዱት ሲወዳደሩ ጠፋ። ፓራሲታሞልና ታይለኖል አንድ ናቸው፤ ፓናዶልም ያው። በተቃራኒው በ2013 የወጣ የካሊፎርኒያ ጥናት፣ ትኩሳት ይዟቸው የማብረጃ መድኃኒት የወሰዱ እናቶች ልጆች ላይ ስጋቱ ካልወሰዱት ዝቅ ብሎ አግኝቷል።

አዋላጅ_ነኝ

እርጉዝ ካተኮሳት ፓራሲታሞል በልኩ ትውሰድ፤ ግን ትኩሳቱ በረደ ብላ ቤቷ እንዳትቀር። ኪኒኑ ትኩሳቱን ነው የሚያበርደው፤ ወባውን አይገድልም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ሳይጠየቅ አይነካም።

እናት_ከአዳማ

አንድ ሞኝ ጥያቄ አለችኝ። ልጄ ራሱ ሲያተኩሰው ይለወጣል። ባለፈው ቶንሲል ይዞት ሳለ ጭኔ ላይ ተኝቶ ፊቴን እያየ ጉንጬን ነካካኝ። ያን ያህል ጊዜ ዓይኔን አይቶኝ አያውቅም። ሲሻለው ወደ ጎማው ተመለሰ። ሐኪሙን አፍሬ አልጠየቅኩትም። እብድ ነኝ?

ስቶክሆልም_ብርድ

ኧረ አይደለሽም! ብዙ ወላጅ የሚለው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ኦቲዝም ያለባቸው 30 ልጆች ትኩሳት በያዛቸው ጊዜ ታይተው፣ አብዛኞቹ ላይ የተወሰነ መሻሻል ተመዝግቧል። በ2020 ደግሞ እነዚያው የአይጥ ተመራማሪዎች ያንኑ ኢንተርሉኪን 17ኤ መልሰው አገኙት። እናቷ ሆድ ውስጥ ሳለች ችግር ያመጣው መልእክተኛ፣ ላደገችው አይጥ በተሰጣት ጊዜ ከሌሎቹ ጋር መቀራረብ ጀመረች። አንዱ ቁልፍ ሲዘጋም ሲከፍትም። አንጎል እንዲህ ነው። መድኃኒት ግን ገና የለም፤ ማንም «አለኝ» ቢልሽ ብርሽን ያዢ።

ዝም_አልልም

እኔ ላይ ያላችሁትን አነበብኩ። ሚስቴም አነበበችው። ይቅርታ እህቴ።

እናት_ከአዳማ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሰላም ናችሁ። ዜና ልንገራችሁ።

አዲስ አበባ ሄደን ጆሮው ተመረመረ። ይሰማል፤ ሁለቱም። ስለዚህ ኦቲዝም ነው ያሉት እንዳለ ነው። ጆይ የሚባለውን የኦቲዝም ማዕከል ጠቁመውን እዚያም ጠየቅን። ቦታ እስኪገኝ ቤት ውስጥ የምናደርገውን አሳዩን። አሁን ውሃ ከመስጠቴ በፊት ኩባያዋን ዓይኔ አጠገብ አድርጌ እጠብቀዋለሁ። ትናንት ሁለት ጊዜ አየኝ፤ ደህና ነበር፣ አላተኮሰውም ነበር።

ሌላው። ባለቤቴ የስቶክሆልሙን ጽሑፍ እራት ላይ ለአማቴ አነበበላቸው። ስለ ዘር የሚለው ቦታ ሲደርስ አማቴ እንጀራውን አስቀምጠው «ታዲያ ታላቅ ወንድምህስ?» አሉት። ለካ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም እስከ ስድስት ዓመቱ አልተናገረም። የለስላሳ ቆርኪ በቀለም በቀለም ሲደረድር ነበር አሉ የሚውለው፤ አንዷ ከተነሳችበት ቤቱ አይበቃውም። ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ቀረ። ዛሬ ሰውየው መጋዘን ነው የሚሠራው፤ ከእሱ ፈቃድ ውጭ ሚስማር አትወጣም። እኔ ሳቅኩ። ከዚያ ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አንድ ያልነገርኳችሁ ነገር ነበረ። ያን ሌሊት ስጽፍ የወር አበባዬ ቀርቶ ነበር። አሁን ዘጠኝ ሳምንቴ ነው።

አያት_ነኝ

እልልልል! እሰይ ልጄ!

አዋላጅ_ነኝ

ታዲያ ይህን ደብቀሽ ነው ሦስት ሳምንት ሙሉ! ሰኞ ሄደሽ ካርድ አውጪ፤ አሥራ ሁለት ሳምንት ሳይሞላሽ። ደምሽ፣ ሽንትሽ፣ ቂጥኝ፣ ኤችአይቪ፣ የጉበት ቫይረስ፤ ሁሉም ይታይ። አይረን ፎሊኩን ጀምሪ። ካተኮሰሽ በዚያው ቀን ሂጂ፤ ሌሊትም ቢሆን። አጎበር አላችሁ?

እናት_ከአዳማ

ካርዱን ትናንት አወጣሁ። አጎበር ነበረን፤ ጤና ኤክስቴንሽኗ ሰጥታን ቁም ሳጥን ላይ ታጥፎ ኖሯል። ዛሬ ሰቀልነው። ባለቤቴ ወንበር ላይ ቆሞ ሲመታ ሚስማሩን ይዘው ያቀበሉት አማቴ ናቸው። ልጄ ከሥር ገብቶ ጫፉን እያዞረ ነው።